ምሳ ያልበላች ካስማ

«ሳቡ!»

ካስማ ሳበች። ቢያንስ የሳበች መሰላት። ገመዱ በብብቷ ሥር አልፎ በትከሻዋ ላይ ተጠምጥሟል፣ ተረከዟ አፈሩ ውስጥ ተተክሏል፣ ሁሉ ነገር እንደ ወትሮው ነው። እጇ ግን የሌላ ሰው እጅ ሆነባት። ዓይኗ ፊት ጥቁር ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ።

«ሳቡ! ኧረ ሳቡ እንጂ፣ ምን ነካችሁ!» የክፍሉ አለቃ ከዳር ቆማ ትጮኻለች።

ገመዱ ሄደ። ስምንቱም የስምንተኛ ክፍል ልጆች አንዷ በአንዷ ላይ እየተደረቡ ሜዳው ላይ ተዘረጉ። የጣሏቸው ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ሰባተኛ! ከእነሱ መካከል አንዷማ ቦርሳዋ የሚበልጣት ናት። ሰባተኞቹ እየዘለሉ ሙድ ያዙባቸው፤ ማን ይከለክላቸዋል?

ካስማ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ያወጣላት የስፖርት መምህሩ ነው። አምና በገመድ ጉተታ ውድድር የገመዱን መጨረሻ ይዛ ስትቆም ተቃራኒዎቿ ቢስቧት፣ ቢያንገላቷት፣ ወይ ፍንክች! «ድንኳን በነፋስ የማይወሰደው ካስማ ስላለው ነው፤ የእኛ ካስማ ይቺ ናት» አለ መምህሩ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ ተረባርቦ ተሸክሟት ዞረ። ከተሸከሟት አንዷ «ወይኔ ወገቤን!» ብላ ስትጮኽ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ካስማም አብራ ሳቀች። ሳቁ ግን ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር።

አሁን ከወደቀችበት ቀና ስትል ራሷን አዞራት። ቁጭ አለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ከፊት በኩል አንዲት ቀጭን ድምፅ። ፌንጣ ናት፣ የካስማ የልብ ጓደኛ፤ ገመዱን ከሁሉም ፊት የምትይዘው እሷ ነች። ስታወራም ስትሄድም ስለምትዘል ነው ፌንጣ የተባለችው። «ጫማዬ አንሸራተተኝ።»

«ባለፈውም ጫማዬ ነው ብለሽናል» አለች አለቃዋ። «እህቴ፣ በጫማሽ ምክንያት መሳቂያ አንሆንም። ሰኞ ቦታሽን ለተጠባባቂዋ ትለቂያለሽ።»

ፌንጣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ነካካች። ካስማ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። የፌንጣ ጫማ ምንም እንዳልሆነ ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ካስማ አላስቻላትም።

«ለምን ዋሸሽ?»

«አንቺ ለምን ዋሸሽ?» አለች ፌንጣ። «ገመድ የያዘ ሰው አይሸወድም እሺ? አንቺ ከኋላ ስትለቂ እኔ መዳፌ ላይ ይታወቀኛል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ድንገት ባዶ ይሆናል። አምና እኮ ገመዱ ግድግዳ ላይ የታሰረ ነበር የሚመስለኝ።»

«ስለደከመኝ ነው።»

«ይደክምሻላ! ምሳሽን ለግቢው ድመት እየሰጠሽ። ነቄ ነኝ። የድመቷ ሆድ እንዴት እንደተነፋ አላየሽም?»

የካስማ ፊት ጋለ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሰው ፊት ታፍሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

ይህን ጊዜ አመሰግናለሁ ማለት ነበረባት። ሰው ግን ሲያፍር የሚናገረውን አያውቅም። «ማን ለመነሽ?» አለች። «እኔ ዋሺልኝ አልኩሽ?» ፌንጣ መንገድ መሀል ቀጥ አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አስተካክላ፣ ሳትዘል፣ ወደ ሰፈሯ ታጠፈች።

የካስማ እናት ጸጉር ሠሪ ናት፤ ሱቋ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ነች። ነገሩ ሁሉ የተጀመረውም እዚያ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ አንዲት ደንበኛ የሚያጓራው ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን አስገብታ ጸጉሯን ስታደርቅ ካስማ ገባች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ስለማይሰማ ይጮኻል። ሴትዮዋም እስከ አስፋልት በሚሰማ ድምፅ «ውይ ልጅሽ እንዴት ወፍራለች!» አለች። በዚያው ማታ ካስማ ስልኳ ላይ እንዴት እንደሚከሳ የሚያስተምር ቪዲዮ ፍለጋ ገባች። አንዷ ቁርስ ተይ ትላለች፣ ሌላዋ እራት፣ ሦስተኛዋ ምሳን። ካስማ የሦስቱንም ምክር ተቀበለች። ጠዋት ትሮጣለች፣ ማታ ክፍሏን ዘግታ ገመድ ትዘላለች፤ እናቷ ስትጠይቃት «ትምህርት ቤት በልቻለሁ» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ቀሚሷ ሲሰፋት ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ድካሙ መጣ። ክፍል ውስጥ ታዛጋለች፣ በጠራራ ፀሐይ ይበርዳታል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይደልቃል። «ስፖርት የሚሠራ ሰው እንዴት ይደክመዋል? ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ትልና በነጋታው ሩጫውን ትጨምራለች።

«መጣሽ? ውሃ አልቆብኛል፣ ያንን ጀሪካን አምጪልኝ» አለች እናቷ። ያቺው ደንበኛ ዛሬም ካስክ ውስጥ ናት።

ካስማ ድሮ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጇ አንጠልጥላ እያፏጨች የምትገባ ልጅ ነበረች። ዛሬ አንዱን አነሳችና በሩ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። ጀሪካኑ ወድቆ ክዳኑ ተፈናጠረ፤ ውሃው የሱቁን ወለል አጥለቀለቀው። እሷም እርጥቡ ላይ ቁጭ አለች። መነሳት አቃታት።

«ልጄን!» እናቷ ማበጠሪያውን ጥላ መጣች።

«ምን ሆነች?» ሴትዮዋ ከካስኩ ውስጥ ጮኸች። «ታማለች እንዴ? ምነው እንዲህ ከሳች? ያኔ ወፍራ እንዴት አምሮባት ነበር!»

ካስማ ቀና ብላ አየቻት። አምሮባት ነበር? ሴትዮዋ ያኔ እያሞገሰቻት ነበር ማለት ነው? በዚያ ቃል ስንት ቀን ጾሟን አደረች! መሳቅም ማልቀስም አማራት። ማልቀሱ ቀደመ።

እናቷ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች፤ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ፊቷ አስቀመጠችና ደንበኛዋን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች። ጸጉሯን ዳሰሰችው። ጸጉር ሠሪ የልጇን ጸጉር ስትዳስስ ያልነገሯትን ታውቃለች።

«ደርቋል። እኔ ደግሞ የፈተና ጭንቀት ነው ብዬ... የሰው ጸጉር ሳሳምር የልጄን አላየሁም» አለች። ድንቹን ወደ ልጇ ገፋ አደረገች። «ምግብ ከተውሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ካስማ ሁሉንም ነገረቻት። ቪዲዮዎቹን፣ ሩጫውን፣ ድመቷን ሳይቀር።

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ይቀላት ነበር። «ቅዳሜ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ብቻ አለች። «አሁን ብዪ። ቀስ ብለሽ።»

ሐኪሟ ደሟን መረመረች። «ደምሽ ትንሽ ወርዷል፤ ኪኒን አዝዝልሻለሁ» አለች። «ግን ኪኒኑ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሰውነትሽ እያደገ ነው። ትሮጫለሽ፣ ትዘያለሽ፣ ገመድ ትስቢያለሽ፤ የሚሠራበትን ግን ከለከልሽው። ከየት ያምጣው? ሰነፍ አይደለሽም የኔ እህት፤ ርቦሽ ነው።»

ካስማ ይህን ስትሰማ ከትከሻዋ ላይ የሆነ ነገር የወረደላት መሰላት። ሰነፍ አይደለሽም።

«ስፖርቱንስ ልተወው?»

«ማን ተዪ አለሽ? ለጊዜው ቀስ በይ፣ በደንብ ብዪ፣ ተኚ። ጉልበትሽ ሲመለስ ራሱ ይነግርሻል።»

ሰኞ ከሰዓት ሜዳው ላይ ተጠባባቂዋ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች። ፌንጣ ከዳር ተቀምጣ ሣር ትነጫለች። ካስማ እሷን አየችና ቆመች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ፌንጣም አትናገርባትም፤ ያ ነው የሚያስጨንቀው።

«ፌንጣ አትቀየርም» አለች።

አለቃዋ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ጫማዋ አይደለም። ዋሽታ ነው፣ ለእኔ ብላ። ገመዱን የምለቀው እኔ ነኝ።» ወደ ልጆቹ ሁሉ ዞረች። «ለመክሳት ብዬ ምግብ ትቼ ነበር። ጠዋት እሮጣለሁ፣ ማታ እዘላለሁ፣ ምሳዬን ለድመቷ እሰጣለሁ። ልምምድ ላይ ስደርስ ጉልበት የለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ተጠባባቂዋ የሰበሰበችውን እጅጌዋን አወረደች።

«ቆይ፣ ድመቷን?» አለች ከልጆቹ አንዷ። «እኔ እኮ አርግዛለች ብዬ ካርቶን አንጥፌላታለሁ!»

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ ፌንጣም ሣሯን ጥላ ሳቀች። አለቃዋ ብቻ አልሳቀችም።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«አምና ስትሸከሙኝ "ወይኔ ወገቤን" ተብሎ ነበር» አለች ካስማ። «ከዚያ በኋላ ስለ ክብደቴ ማውራት አስጠላኝ።»

አለቃዋ ፊቷ ቀላ። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀልድ ነበር እኮ። አንቺም ስቀሽ ነበር።»

«ስቄያለሁ። ግን አሞኛል።»

አለቃዋ መሬት መሬት አየች። «ይቅርታ» አለች። አለቃ ሆና ይህን ቃል ስትናገር የሰማ ሰው አልነበረም። «ታዲያ አሁን ምን ይሻላል? አንቺን እንቀይርሽ?»

«አሁን ላርፍ። ለስፖርት ቀኑ ውድድር ጉልበቴ ተመልሶ ከደረስኩ እገባለሁ። ካልደረስኩ ራሴ እነግራችኋለሁ፤ አልደብቅም።»

ከዚያ ፌንጣ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። «ማን ለመነሽ ያልኩሽን...»

«እርሺው አቦ» አለች ፌንጣ። «ይልቅ ምሳ ዕቃሽን ክፈቺ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ድመቷ።»

ጉልበት እንደሄደ በአንድ ቀን አይመለስም። ካስማ በላች፣ ተኛች፣ ኪኒኗን ዋጠች። መጀመሪያ ብርዱ ተዋት፤ ቀጥሎ ማዛጋቱ። አንድ ጠዋት ጀሪካኑን አንስታ ሱቅ ካስገባች በኋላ ነው ማንሳቷን ያወቀችው። እናቷ ከመስታወቱ ውስጥ አየቻትና ማበጠሯን ቀጠለች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

የስፖርት ቀን ደረሰ። የስምንተኛ ክፍል ሁለቱ ምድቦች ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው ከመምህራን ቡድን ጋር ይስባል። መምህራኑን እስከ ዛሬ ያሸነፈ ተማሪ የለም።

«ደርሰሻል?» አለች አለቃዋ።

ካስማ ራሷን በእውነት ጠየቀች። «እንደ አምና አይደለሁም። ግን ደርሻለሁ።»

ፊሽካው ተነፋ። ገመዱ እንደ ብረት ተወጠረ። ተቃራኒዎቹ ቀላል አልነበሩም፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ፣ ሜዳው በጩኸት ተናጠ። ካስማ ጥርሷን ነከሰች። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድሮ ቢሆን ዝም ትል ነበር፤ ጣቶቿ ራሳቸው እስኪለቁ ዝም። አሁን ግን ከገመዱ ጫፍ በፊት በኩል መዳፏ ላይ መንቀጥቀጡን የምትሰማ ልጅ እንዳለች ታውቃለች።

«ያዙ!» ብላ ጮኸች። «እየላላሁ ነው፣ ያዙልኝ!»

«ያዙ!» ፌንጣ ከፊት ተቀበለቻት። ሰባቱም ተረከዛቸውን ተክለው ቆለፉ። አልሳቡም፣ ያዙ ብቻ። ተቃራኒዎቹ ይህች ናት ሰዓታችን ብለው ባለ በሌለ ኃይላቸው ጎተቱ። ገመዱ ወይ ፍንክች! ካስማ ተነፈሰች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። እግሯን አስተካከለች። ሙቀቱ ከጭኗ ተነስቶ ወደ ጀርባዋ ሲወጣ ተሰማት፤ የራሷ ጉልበት ነው፣ ታውቀዋለች፣ ናፍቋት ነበር። ወዲያኛው ወገን ላይ ማለክለክ ሲጀምሩ ሰማች።

«አሁን! ሳቡ!»

ሳቡ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከዚያ እየሮጡ ወደ ኋላ። ተቃራኒዎቹ እንዳለ ተነቅለው መጡ። ሜዳው ተደበላለቀ፤ ፌንጣ እየዘለለች ትጮኻለች፣ አለቃዋ ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ የተጠባባቂዋን አንገት አንቃለች። ካስማ መሬት ላይ ተዘርግታ ሰማዩን እያየች ሳቀች። እስከ ሆዷ ድረስ ሳቀች።

መምህራኑ ወዲያው ወደ ሜዳ ገቡ። የስፖርት መምህሩ ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ገመዱን አነሳ። ልጆቹ ሳያርፉ ቢገጥሟቸው እንደሚሻል ያውቃል፤ ብልጥ ነው።

«ኑ እንጂ ልጆች! ፈራችሁ እንዴ?»

«ካስማ፣ ተነሺ፣ እየጠሩን ነው» አለች አለቃዋ። «ሰው ሁሉ እያየን ነው።»

ካስማ ተነሳች። እጇ ዝሏል፣ ሆዷም ባዶ ሆኗል። ወደ ገመዱ ሳይሆን ወደ ቦርሳዋ ሄደች፤ ምሳ ዕቃዋን አውጥታ በሕዝብ ፊት ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ዳቦ በእንቁላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

«ቲቸር፣ ትንሽ ይጠብቁ!» ብላ ጮኸች። «እየበላሁ ነው!»

ሜዳው ሳቀ። እሷ አልተጣደፈችም። ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ውሃ ጠጣች። ፌንጣ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ከዚያ አለቃዋ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ ምሳ ዕቃዎች አንድ በአንድ ተከፈቱ። መምህራኑ ገመዱን እንደያዙ ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ጨረስሽ?» አለ የስፖርት መምህሩ ከሩቅ፣ ላቡን እየጠረገ።

ካስማ ምሳ ዕቃዋን አየች።

«ሙዝ ይቀረኛል» አለችና መላጥ ጀመረች።