የረሺድ ደም የገባበት ጠፋ

ደሙ ጠፋ።

ማታ ነርስ አርካዊት ቤታቸው ድረስ መጥታ ከስድስት ዓመቱ ረሺድና ከወላጆቹ ቀድታ፣ በብልቃጥ አሽጋ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠችው ደም ነው። የልጁ ኦቲዝም በዘር የመጣ መሆን አለመሆኑ እንዲታይ ዛሬ ውጭ አገር ሊላክ ነበር።

እናቱ ዛሂራ ፖሊስ ጠራች። በዚህ ሰፈር ዕቃ ሲጠፋ ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል፤ ፖሊሶቹ የሠራተኛዋን የሬሕማን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋን፣ ወዲያው ነጥቀው ሊወስዷት ተነሡ። አገርሽ ወሎ ተመለሽ ብትባል ትችለው ነበር። ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ደግሞ ረሺድ ከእሷ እጅ በቀር ከማንም አይበላም።

መርማሪው ሂሻም ፊቷ ቆመ።

«የልጅ ደም ባሕር አይሻገርም ብለሻል?»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ። ፈርቼ ነው። ወላሂ አልነካሁም!»

«ጠዋት የት ሄድሽ?»

«ቆሻሻ ልጥል።»

«በቃ፣ ጥላዋለች!» አለች ዛሂራ።

ቆሻሻው ተበረበረ። ምንም የለም።

ሂሻም አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ከበር መውጣት የሚችል ሰው ወስዶ ይጥላል። የማይችልስ?

«እዚህ ቤት ወደ ውጭ የማይወጣ ማነው?»

የረሺድ አክስት ፋሪሃ ሙሽራ ናት። በአገሩ ወግ እስከ ሠርጓ ከቤት አትወጣም፤ ገላዋ እንዲያምር ጓሮ ባለው የጢስ ጉድጓድ ላይ ተቀምጣ ጣልሕ የሚባለውን የግራር እንጨት ትታጠናለች። ወደዚያ ጉድጓድ ሌላ ሰው አይቀርብም።

ሂሻም ትኩሱን አመድ በእንጨት ጫረው። ብልቃጦቹ ከሥሩ ወጡ። ደሙ ጠቁሯል።

ፋሪሃ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «የቤተሰባችን ደም በሽታ አለበት ከተባለ ማን ያገባኛል?»

«ያዘዘልን ዶክተር እኮ ምርመራው ምንም ላያገኝ ይችላል ብሎን ነበር» አለች ዛሂራ። ሬሕማን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሂሻም ኢቃማዋን መለሰላት። «በፋሪሃ ላይ ክስ ታቀርቢያለሽ?»

ሬሕማ አንጀቷ እርር ብሏል። ቢሆንም ልጅቷ አሳዘነቻት።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ፋሪሃ። ለእጮኛሽ ግን አንቺው ንገሪው፤ አሁኑኑ።»

ፋሪሃ ስልኳን አንስታ ደወለች። ሁሉም እየሰሙ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

እጮኛዋ ስለ ደሙ ምንም አልጠየቀም።

«ሬሕማን ሊወስዷት ሲሉ» አለ፣ «አንቺ የት ነበርሽ?»