ቀለሙ ሳይደርቅ

የቪዛ ክፍሉ ሹም ከወንበሩ ወድቆ በገዛ ደሙ ውስጥ ተዘርሯል። ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የመነጽሩ ስባሪ ጉንጩ ላይ ተሰክቷል፤ ደሙ የጠረጴዛውን እግር ዞሮ ግድግዳው ጋ ደርሷል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ሰውየው ከወደቀ በኋላም ቀጥቅጦታል። አጠገቡ የተጣለው ድፍን ብረት ሽበት ተጣብቆበታል። እንዲህ ያለ ነገር ተለምዶ አይለመድም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ቅጥነቷን አይተው ነው፣ አንድም ከገባችበት ክር ሳትጎትት ስለማትወጣ።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ምክትሉ። ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። «ገዳይዋም ተይዛለች። ውጭ አግዳሚው ላይ ናት።»

«ገዳይዋ? ችሎቱ ተሰይሞ አለቀ እንዴ?»

«ቪዛ ከለከላት፣ ጮኸች። ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷታል። ከዚያ ተመልሳ ገብታ ጨረሰችው።»

«ክፍሉ ይሞቃል። ኮትዎን አያወልቁም?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«እንግዲያስ ይደርቡ» አለችውና ወጣች።

አግዳሚው ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴት በሁለት ፖሊሶች መሐል ተቀምጣለች። አንድ ልጇ ባሕር ማዶ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ደረቱን ጨፍልቆት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ «በሕይወት ልታገኚው ከፈለግሽ ፍጠኚ» ብለዋታል። አውሮፕላኗ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይነሳል።

«እናቴ፣ ለምን ጮኹ?»

«በደስታ ነዋ! ሰጠኝ እኮ! ፊቴን አየና ‹አይዞሽ እህቴ› ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ ውጭ ቆይ አለኝ። ልጄ እየሞተብኝ ማንን ልገድል ነው የምገባው?» ደረቷን ደቃች። «እናንተ እኔን አስራችሁ ስትነዘንዙኝ ልጄ በር በሩን እያየ ይሞታል። ወይኔ ልጄን!»

«ፓስፖርትዎ የታለ?»

«እዚያው ነው! አልተቀበልኩትም።»

መርፌ ተመልሳ ገብታ ፈለገች፤ ጠረጴዛው ላይ ፓስፖርት የለም፤ መስኮቱ ላይም፣ መሳቢያው ውስጥም የለም። «ተናዳ ቀዳድዳው ይሆናል» አለ ምክትሉ ከኋላ። መርፌ እንዳልሰማች ሆነች።

ኮሪደሩ ጥግ ደላላው ቆሟል፤ የመንገደኛን ጉዳይ አስጨርሳለሁ እያለ ከዚህ ቤት የማይጠፋ ሰው ነው።

«አንተስ፣ ከሟቹ ጋር ምን ነበረህ?»

«ምንም። ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደረቅ ነበሩ። ባለጉዳዩ በአካል ካልመጣ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ! አንዴ ‹ሰውዬው ታሟል፣ ላስመታለት› ብዬ ብገባ ትምህርት ቤት ከፈቱብኝ።»

«ምን ብለው?»

«‹ቪዛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?› አሉኝ። ‹የይለፍ ወረቀት ነዋ› አልኳቸው። ‹እሱ ሥራው ነው፤ ትርጉሙ ሌላ ነው። ቃሉ የላቲን ነው፤ የታየ ወረቀት ማለት ነው። በፈረንሳዮች በኩል ዞሮ ነው ዓለም የተቀበለው። ሹም አይቶ፣ አይቼዋለሁ ብሎ ምልክት ያደርግበታል። እኔ ያላየሁትን ሰው አይቼዋለሁ ብዬ ልዋሽልህ?› ብለው አባረሩኝ።»

«ታዲያ የማይታዩትን በማን ስታሠራ ኖርክ?»

የደላላው ዓይን ወደ ምክትሉ ሮጠና ተመልሶ ጫማው ላይ ወደቀ። «እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ቢሆንም ገባኝ።»

የቀረው ዘበኛው ነው፤ ግንድ የመሰለ ሰው እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

«ሴትየዋ ተመልሳ ስትገባ አይተሃል?»

«አላየሁም፤ ዛሬ ከእሷ ሌላ ባለጉዳይም አልመጣም። ግን መሐል ላይ ሽንት ቤት ደርሼ መጥቻለሁ፤ በሞተ ሰው አልዋሽም።»

«ይህ ብረትስ?»

«የጋሼ ነው። ማኅተም ከመቱ በኋላ ነው ከመሳቢያ የሚያወጡት። ፓስፖርቱን መስኮቱ ላይ ይዘረጉና እንዳይዘጋ ጠርዙን በሱ ይጫኑታል። ያ ቀለም ሲደርቅ ሰው ያስረጃል! ምክትሉ በማሽን የሚታተመውን የቪዛ ተለጣፊ ነው የሚሠሩት፤ በጋሼ ቀለም ይሳለቁ ነበር። ተለጣፊው ግን ቀናት ይፈጃል፤ ለአስቸኳይ መንገደኛ ያለው ቀለም ብቻ ነው።»

«መነጽራቸውስ?»

«ለንባብ ነው። ባለጉዳይ ሲገባ ያወልቁታል፤ በሱ የሰው ፊት ይደበዝዝባቸዋል።»

መርፌ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ አንሶላ ለብሷል፤ ደሙ ግን አልለበሰም። እናትየዋ ሰዓቱን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ሟቹን የገደለው ይህ ብረት ነው» አለች መርፌ። «ብረቱ ሥራው መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ ነው፤ የሚወጣው የሚደርቅ ማኅተም ሲኖር ብቻ ነው። ዛሬ ወጥቷል። እንግዲህ ማኅተም ተመቷል ማለት ነው። ለማን? ከኚህ እናት በስተቀር ዛሬ ወደዚህ የገባ ባለጉዳይ የለም። ቪዛውን አግኝተዋል። ያገኘ ሰው ምን ቆርጦት ይገድላል?»

ምክትሉ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «የብረት ምስክር!»

«ከሰው ምስክር ይሻላል፤ ጉቦ አይበላም። ሁለተኛ፣ ሟቹ መነጽሩ ዓይኑ ላይ እያለ ነው የተመታው። ባለጉዳይ ቢገባ ያወልቀው ነበር። ፊቱን ማየት የማያስፈልገው፣ በየቀኑ የሚያየው ሰው ነው የገባው። ሦስተኛ፣ ደላላው!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ንገረኝ፣ አለዚያ ከገዳይ ጋር በአንድ ሰንሰለት ትሄዳለህ።»

«ኧረ በልጆቼ!» ደላላው በጣቱ ምክትሉን ጠቆመ። «ሰዎቹን ሳያይ ቪዛ ይለጥፍልኝ ነበር። ጋሼ ደርሰውበታል። ‹ዛሬ ላለቆች አሳውቃለሁ› ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አየህ» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ። ‹እርስዎ› ማለቱ እዚያ ላይ ቀረ። «ዘበኛው በማያየው በሠራተኞች በር ገባህ። ለመንከው፣ እምቢ አለህ። መስኮቱ ላይ ያለውን ብረት አንስተህ ጨፈጨፍከው። ስትጨርስ ብረቱ የነበረበት ቦታ ላይ የተዘረጋ ፓስፖርት አየህ፤ የሴትየዋንም ጩኸት ሰምተሃል። ‹ተከለከለች› ብል ማን ያስተባብለኛል አልክ። ፓስፖርቱን እንደተከፈተ ግራ ብብትህ ውስጥ ወተፍከው፣ ኮት ደረብክበት። አንተ ተለጣፊ የለመድክ ሰው ነህ። ቀለም እርጥብ እንደሚሆን ረሳህ። ኮትህን ክፈት።»

ምክትሉ ኮቱን አልከፈተም። ከጠረጴዛው ላይ መቀስ መንትፎ የእናትየዋን አንገት በክንዱ አነቀ።

«በሩን ልቀቁ! አርዳታለሁ!»

የመቀሱ ጫፍ ቆዳዋን በስቶ ደም ወረደ። ዘበኛው ግን ዛሬ የሚፈራው ነገር አልነበረውም፤ ዘሎ መቀሱን በመዳፉ ጨበጠ። ስለቱ እጁን በጠሰው፤ አልለቀቀም። በሌላው እጁ የምክትሉን ማጅራት ይዞ ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «ይህ ለጋሼ!» አለና ደገመው፤ ፖሊሶቹ ባይገላግሉ ይሠልስ ነበር።

መርፌ ኮቱን በረገደችው። ቁልፎቹ ተበተኑ፣ ፓስፖርቱ ዱብ አለ። የደም ፍንጣቂ ባለበት ነጭ ሸሚዝ ላይ፣ ልቡ አካባቢ፣ የሟቹ ማኅተም በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ታትሟል።

እናትየዋ ፓስፖርቷን ከመሬት አነሳችና ጮኸች። የአሁኑ ጩኸት ያለጥርጥር የሐዘን ነበር። ገጹ በላብና በደም ተጨማልቆ አንድ ፊደል አይነበብም።

«ሌላ ማን ይመታል?» አለች መርፌ።

ዘበኛው እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ አቀረቀረ። «ሥልጣኑ ያላቸው ሁለት ናቸው። ጋሼና... እሱ።»

ምክትሉ በካቴና ታስሮ ደም ይተፋል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከሥልጣኑ የሻረው አልነበረም።

«ለማስረጃ ሸሚዙ ይበቃኛል» አለች መርፌ። «እናቴ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው።»

እናትየዋ የአንገቷን ደም በነጠላዋ ጠረገች። የዚህን ሰው እጅ ከማየት ዓይኗ ቢጠፋ ትመርጥ ነበር፤ ልጇ ግን እየጠበቃት ነው። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ንጹሕ ገጽ ገለጠች።

«ምታልኝ።»

ወለሉን እያየ የታሰሩ እጆቹን ወደ ማኅተሙ ሰደደ። እጁን ያዘችው።

«እንደሱ አይደለም። እዚህ ቤት ሳይታይ አይመታም። ቀና በልና እየኝ!»

ቀና አለ። ያበጡ ዓይኖቹ ፊቷ ላይ አረፉ። አያት። መታላት።

ምስጋና አልሰጠችውም። አንሶላው አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «አንተ አይተኸኛል፣ ወንድሜ» አለችና ወጣች። መርፌ ራሷ እየነዳች አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰቻት። እናትየዋ መንገዱን ሙሉ ፓስፖርቱን በሁለት መዳፏ ዘርግታ እፍ ስትልበት ነበር።

በማግስቱ የመርፌ ቢሮ ስልክ ጮኸ። ሳግ ብቻ ተሰማ፤ ቀጥሎ የእናትየዋ ድምፅ መጣ።

«ዛሬ ጠዋት አረፈብኝ።»

መርፌ ከወንበሯ ተነሳች።

«ግን ደረስኩ፣ ልጄ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። እኔም አየሁት።»