ጤነኛ ቁጥር ሰባት

ውብርስት ጠዋት ላቦራቶሪ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው፣ ማቀዝቀዣውን ከፍታ «ጤነኛ» ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ቱቦ ማውጣት ነው። ያለሱ ሥራ አይጀመርም። ከላም ደም የጠለለው ውሃ ሌፕቶስፓይራ ከሚባለው፣ ላምን ከሚያስወርደው ባክቴሪያ ጋር ይደባለቃል፤ ላሟን በሽታው ነክቷት ከሆነ እንደ ክር የቀጠኑት ባክቴሪያዎች እርስ በርስ ተያይዘው ይጓጉላሉ፣ ካልነካት ተበታትነው ይዋኛሉ። ጤነኛው አጠገቡ የሚቀመጠው ለማነጻጸሪያ ነው። የጤነኛው ደም ከየት ይመጣል? ከሠራተኛው ነዋ። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ላም በእጁ ሳይነካ፣ ክንዱን ይዘረጋል፤ ደሙ በየቱቦው ተከፋፍሎ ቁጥር ይሰጠውና በረዶ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። የላቦራቶሪው ሰዎች አራት ዓመት ሙሉ ሲጠቀሙ የኖሩት በቁጥር ሰባት ነበር።

መቼም ሥራው መልካም ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። የከብት አርቢዋ የእትዬ ዲንቄ ላሞች በሰባተኛ ወራቸው ጥጃ መጣል ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ደማቸው በተመረመረ ቁጥር ውጤቱ «የለም» ነው፣ ከውጭ የመጣው ክትባትም ምንም አልፈየደም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ንጋቱ «የእኛ አገሩ የባክቴሪያ ዘር ሌላ ነው። በፈረንጅ ዘር እየመረመርን እንዴት እናገኘዋለን?» ብለው ነበር። ስለዚህ ውብርስት ባክቴሪያውን ራሱን ከአንዲት ላም ሽንት ልታሳድግ ሦስት ወር ለፋች። አደገላት። ከእንግዲህ ምርመራውም ክትባቱም በዚሁ ዘር ሊሠራ ነው። እሷ ግን የቸኮለችው ለላሞቹ ብቻ አልነበረም። ሁለት ልጆቿ በሰባተኛ ወራቸው ሞተው ተወልደዋል። ከሁለተኛው በኋላ የራሷን ደም ከጤነኛው ቱቦ ጎን አድርጋ መርምራ፣ ምንም ልዩነት ስታጣ እፎይ ብላ አልቅሳለች። አሁን ሦስተኛውን ይዛ ሰባተኛ ወሯ ገብቷል፤ ልጁም ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ከሰዓት ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ አለች ለራሷ፤ ፈርታለች፣ ፍርሃቷን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ትናንት ደም ልትቀዳ ወደ እትዬ ዲንቄ በረት ስትገባ ላሞቹ ማመንዠካቸውን አቁመው፣ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ሁሌም እንዲህ ናቸው።

«ዞሩልሽ ደግሞ» አሏት እትዬ ዲንቄ እየሳቁ። «ዘመድ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ደግነቱ አንቺ ቀድመሽ መጥተሽልኛል፤ መጣል የጀመራቸው እኮ አንቺ ወር በወር መመላለስ ከጀመርሽ ወዲህ ነው። ባትኖሪ ማን ያይልኝ ነበር ልጄ?»

«አይዞዎት እትዬ። በዚህ ሳምንት እንይዘዋለን።»

ክሮቹ የሚያበሩት በጨለማ ብቻ ስለሆነ ማይክሮስኮፑ ያለው መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ውጭ ረፋድ ነበር፣ ፀሐይ ጣሪያውን ታንኳኳለች፤ ውብርስት ጥቁሩን መጋረጃ ስትዘጋው ግን ቀኑ ከነጫጫታው ውጭ ቀረ፤ የቀረላት የባክቴሪያው ማሞቂያ ሳጥን ዝቅ ያለ ጉምጉምታና የራሷ ትንፋሽ፣ ከእነሱም ሥር ቀስ እያለ የሚመጣ የበረት ሽታ ነበር፣ ያ ሽንት የጠጣ የሞቀ ገለባ ሽታ። በአቅራቢያው በረት የለም። ጋውኗን አሸተተች፤ የሚሸተው ሳሙና ነው። እርግዝና አፍንጫ ያጠናል ይባላል ብላ ተወችው።

አዲሱን ዘር ለብቻው በስስ መስታወት ላይ ጠብ አድርጋ አየች። ተበታትነው ሊዋኙ ሲገባቸው፣ እንደ ብር የሚያበሩት ክሮች ሁሉ የጠብታዋን አንድ ጫፍ ይዘው ይርመሰመሳሉ፣ እሷ የተቀመጠችበትን ወገን። መስታወቱን አዞረችው። ለጥቂት ጊዜ ግራ የተጋቡ መሰሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሰው ወደ እሷ መጡ። ዶክተር ንጋቱን ጠርታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው፣ ራሷም ከክፍሉ ወጣች።

«ምን ሆነዋል? ተበትነው እየዋኙ ነው» አሉ ከመጋረጃው ጀርባ። «ደክሞሻል ውብርስት። ይህቺን ጨርሺና ቤትሽ ሄደሽ ጋደም በይ።»

ተመልሳ ገባች፤ ሽታው ጠብቋታል። ትናንት የቀዳችውን የአንዲት ላም ደም ከአዲሱ ዘር ጋር ቀላቀለች፣ አጠገቡ ጤነኛውን እንዲሁ፤ የሚጠበቅበትን ሁለት ሰዓት ጠበቀች። የላሟ ተጓጉሏል። አገኘነው፣ አለች በልቧ፣ ለትንሽ ጊዜም እውነተኛ ደስታ ተሰማት። ከዚያ ጤነኛውን አየች። የሚዋኝ አንድም ክር የለም፤ ሁሉም ተያይዘው ከላሟም የባሰ ረግተዋል። ቱቦ ተሳስቼ ነው ብላ ሌላ የቁጥር ሰባት ቱቦ ከበረዶ አወጣች፣ ዳግመኛ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ያው ነው። የሐኪም ቀጠሮዋ አልፏል፤ ልጁ አሁንም ዝም ብሏል።

ከመደርደሪያው አሮጌውን የደም ሰጪዎች መዝገብ አወረደችና በእጅ ባትሪ እያበራች ቁጥር ሰባት ላይ ደረሰች። ጽሑፉን ከስሙ በፊት አወቀችው፤ የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ውብርስት አሰጌ፣ በተቀጠረች በሦስተኛው ቀን። ተወልዳ ያደገችው መርካቶ ነው፣ እስከዚያ ቀን ላም በቅርብ አይታ አታውቅም። ከሁለተኛው ልጇ በኋላ እያለቀሰች ያነጻጸረችው ደሟን ከደሟ ጋር ነበር። በእነዚህ አራት ዓመታት ጤነኛ ተብላ ወደ በረቷ የተመለሰች ላም ሁሉ ጤነኛ የተባለችው እሷን መስላ በመገኘቷ ነው። እትዬ ዲንቄ «አንቺ መመላለስ ከጀመርሽ ወዲህ ነው» ያሏት ትዝ አላትና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

የእጅ ባትሪውን አጠፋችው። አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀስልኝ አለችው በሹክሹክታ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ተንቀሳቀሰ። ከትናንት ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ መላ ሰውነቱን እየጎተተ ወደ ግራ ጎኗ ሄደና ማይክሮስኮፑ ባለበት በኩል ተለጠፈ። ውብርስት ትንፋሿን ይዛ ወንበሯን ወደ ሌላው አቅጣጫ አዞረችው፤ ለጥቂት ጊዜ ግራ የተጋባ መሰለ፣ ከዚያ እሱም ተመልሶ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞረ።