ከቆርቆሮው ማዶ

ኢንጅባራ መናኸሪያው ጀርባ ያለው የእንየው ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ ሲያሳይ የእንግሊዝኛውን ዘገባ አያሰማም ነበር። እንየው ድምፁን ያጠፋና «ይኸነው፣ ተነሥ!» ይላል። ወጣቱ ይኸነው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ ጨዋታውን በአማርኛ ያወራል፤ ጎል ሊገባ ሲል በአገውኛ ይጨርሰዋል።

ሴት እዚያ ቤት አትገባም። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪዋ ማስተዋል ግን ከጎን ባለው የአክስቷ ሱቅ ተቀምጣ፣ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ትሰማው ነበር። ስለ ኳስ ምንም አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ ለስላሳ ሊገዛ ገባ። ዓይኗን ሳታነሣ፣

«ቅድም ያልከውን ልበልልህ?» አለችው።

«ምን አልኩ?»

በየመሐሉ እያረፈች አለችለት።

«በረኛው ብቻውን ነው።
ሁሉም ወደ ፊት ሄዷል።
የሚፈራውን ቆሞ ይጠብቃል።»

ይኸነው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?»

«አንተ ነህ። ግጥም ነው።»

«ኧረ ባክሽ! እኔ የማየውን ነው የምናገር።»

«እኔ አላይማ። ለዚያ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲያ ሲያወራ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው ማዞር ጀመረ። ተመልካቹ «አያ ይኸነው፣ ኳሷ ወዲህ ናት!» እያለ ይተርበዋል። እሱ አይሰማም። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አብረው መታየት ሲያበዙ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ስማቸው ግን «ሥራው ምንድን ነው? ወንበር ላይ ቆሞ መጮህ?» ብለው መለሱት።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የአገው ፈረሰኞችን በዓል በቀጥታ ሊያስተላልፍ መጣ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ተናጋሪ ሲፈልጉ ይኸነውን ጠቆሟቸው። በዋዜማው ልምምድ ይፈተናል፤ ካለፈ ይቀጠራል። አቶ ስማቸውም «ያኔ እንነጋገራለን» አሉ።

«እንዲሁ እንዳትገባ» አለችው ማስተዋል። «እንጻፈው። ቤት ይምታ።»

እሷ ስንኙን አረመች፤ እሱ ሸመደደ።

በዋዜማው ማይክሮፎን ሰጡትና ትንሿን ስክሪን አሳዩት። ስለ ደመናው፣ ስለ አባቶች፣ ስለ ጋማው ጀመረ። ድምፁ አማረ። ወዲያው አንድ ነጭ ፈረስ ተደናቅፎ ጋላቢውን ጣለ። ሜዳው ጮኸ። ሰውየው ተነሥቶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ የፈረሱን እግር በእጁ ይዳስስ ጀመር። ይኸነው አየው። ማስተዋልም ተመልካቹን ከከለለው ገመድ ኋላ ሆና ማየቱን አየች። አፉ ግን ስንኙን እየጨረሰ ነበር።

«ወንድሜ» አለ የቡድኑ አለቃ ማይክሮፎኑን እየተቀበለው፣ «ግጥም አንባቢ አለን። የሚያይ ሰው ነበር የፈለግነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንየው እንግሊዝኛውን ከፈተው። ይኸነው ጥግ ይዞ እንደ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ማስተዋል አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ተቀየምከኝ?»

«ምን አድርገሽ?»

«ታዲያ ለምን አታወራም?»

መሬት መሬቱን አየ።

«አፌን ስከፍት ትሰሚያለሽ ብዬ አስባለሁ። አንቺ ከሰማሽ ኳሷ አትታየኝም፣ ማስተዋል።»

ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

ተመርቃ ስትመደብ እዚያው ኢንጅባራ ማስተማር ትችል ነበር። ራቅ ያለችውን አዘናን መረጠች። እናቷ «ምን ነካሽ ልጄ?» ብለው አለቀሱ። ምክንያቷን ለማንም አልተናገረችም።

በዓመቱ በአዘና ገበያ ድንች ሲገዛ እንየውን አገኘችው። የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቃ ስትጨርስ፣

«ጋሽ እንየው፣ ይኸነው… ያወራል?»

«ያወራል እንጂ! አንቺ ከሄድሽ ብዙም ሳይቆይ ጀመረ። አሁን ቤቱ አይበቃንም።»

ማስተዋል ፈገግ አለች። ዓይኗ ግን ሞላ።

«ባለፈው ምን አለ? ካለው አንዱን ብቻ ይንገሩኝ።»

እንየው አገጩን እያሻሸ አሰበ። ብዙ አሰበ።

«እንጃ ልጄ፤ ማን ይይዘዋል? እኛ ኳሱን ነው የምናይ።»