የኢስማዒል እጅ

ሸፊቃና በሺር የተዋደዱት መጋላ ሰፈር፣ ወንድሟ ኢስማዒል በሚቅምበት ክፍል በር ላይ ነው። እሷ የውኃውን ጆግ ይዛ ስትገባ በሺር ጫቱን ትቶ እሷን ያይ ነበር። ኢስማዒል ሁለት ዓመት አይቶ እንዳላየ ሆነ። በመጨረሻ፣ «በቃ፣ ከረመዳን በኋላ ኒካሁ ይታሰር» አለ። አባታቸው ሞተዋልና የበሺርን እጅ ይዞ የሚድራት እሱ ነበር።

ጓደኛሞቹ በፖለቲካ አይገጥሙም። በሺር ደርግን እየደገፉ ማረም ይቻላል ባይ ነው። ኢስማዒል፣ «እባብ አቅፈህ ተኛ!» እያለ ይስቅበታል። ከሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ ውለው ተቃቅፈው የደቻቱን ወንዝ ይሻገራሉ። በዚህ በጣም ይኮሩ ነበር። ኩራት ግን ቦታ ይመርጣል።

ግንቦት 1970፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ በሺርን አስነሣው።

«ከኢስማዒል ጋር አንድ ነህ?»

በሺር ጫት ላይ እንደለመደው ቀና ብሎ መለሰ። «በሐሳብ አንገጥምም። እኔ የምደግፈውን እሱ ይቃወማል። ወንድሜ ግን ነው።»

ጸሐፊው መቃወሙን ጻፈ፤ ወንድምነቱን አልጻፈም።

በማግስቱ ኢስማዒልን ወሰዱት። እናቱ በየቀኑ ምሳ ታመላልስለት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የእስር ቤቱ ዘበኛ ሳህኑን እንደተሸፈነ መልሶ፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ያን ጊዜ የዚህን ቃል ትርጉም የማታውቅ እናት አልነበረችም።

ረመዳን አለፈ። በሺር ከስቶ መጣ።

«ወላሂ ሸፊቃ፣ ልጎዳው ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ አቦ። መዋሸት አታውቅበትም።»

«ታዲያ?»

«ለሱ ስትል አንዴ ብትዋሽ ምን ነበረበት?»

ሸፊቃ ትወደው ነበር፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ረግማው ታርፍ ነበር።

«አጎትሽ ሊድሩሽ ይችላሉ» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«ይችላሉ። እጅህን ሲይዙህ ግን እኔ የማስበው የኢስማዒልን እጅ ነው። ዕድሜ ልኬን እሱን እያሰብኩ አብሬህ ልተኛ?»

በሺር እጆቹን አያቸው። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አጎቷ ለአንድ የሳቢያን ሰፈር ነጋዴ ዳሯት። በሺር ለኒካሁ ተጠርቶ ቀረ እየተባለ ታማ። አልቀረም። በሩ ድረስ መጥቶ ጫማውን አውልቆ ነበር። ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መልሶ አጠለቀው። ሸፊቃ በመስኮት አየችው፤ አልጠራችውም።