የማይረጋው ስብ

ዶክተር ደመቀ በማቀዝቀዣው ክፍል በር ሥር፣ ጉልበቱን እንዳቀፈ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። የውስጡ መክፈቻ ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነው፤ «ነገ ይሠራል» ሲባል ከረመ። ይኸው፣ ነገ ሳይመጣ ሰው አለቀ! አስም ያለበት ሰው በዚያ ብርድ ታፍኖ እንዴት ይድናል?

ኢንስፔክተር የትነበርሽ ጎንደር ቁስቋም ካለው ቤተ ሙከራ ስትደርስ፣ ቀድሞ የመጣው ፖሊስ ነገሩን በራሱ ቤት ጨርሶታል። ዘበኛው አያ ዳኛው እጃቸው በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

«ቁልፍ ያዡ እሳቸው ናቸው፤» አለ ፖሊሱ። «ውስጥ የስብ ጠርሙስ ተሰብሯል፤ ጋቢያቸውም ቅባት ነክቶታል።»

«መቀርቀሪያ ቁልፍ ይፈልጋል እንዴ?» አለችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ ዳኛው፣ ቅባቱ ከየት መጣ?»

«እህቴ ከአምባ ጊዮርጊስ የላከችልኝ ቅቤ ነው፤ ዕቃው አፍስሶብኝ። ምነው ልጄ፣ እኔ ዶክተሩን ምን በወጣኝ! ሚስቴ ዓይኗ አያይም። እኔ ከታሰርኩ ውኃ እንኳ ማን ያቀብላታል?»

የቤተ ሙከራዋ ባለሙያ ናዝራዊት ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ጠርሙሱ የምን ነበር?»

«የሲል ስብ። ሲል በበረዶ ባሕር የሚኖር እንስሳ ነው። ትናንት ከኖርዌይ መጣልን፤ እሽጉን ሳልፈታ እዚያ አስገባሁት። ቆላ ላይ የተረጨ የተባይ መርዝ በነፋስ ይሄድና ብርድ አገር ሲደርስ ያርፋል። ስብ ውስጥ ከገባ ለዓመታት አይለቅም። ዶክተር የእኛ ደጋ ቅቤም እንደዚያ መሆኑን ያጠኑ ነበር።»

«ቅቤውን ማን ያመጣል?»

«ሙሉቀን። ደጋ ወጥቶ፣ መካነ ብርሃን ቤት ለቤት እየዞረ።»

ሙሉቀን ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ይነካካል።

«ትናንት ማቀዝቀዣው ክፍል ገብተሃል?»

«ኧረ በፍጹም! ናዝራዊት ዐሥር ሰዓት ላይ ስትወጣ እኔም ወጣሁ።»

«እጅጌህንስ ምን ነካው?»

«ቅቤ ነዋ! ሥራዬ ቅቤ አይደል?» ብሎ ሳቀ። ድሮም ቅቤ አንጓች ነው።

«ጃኬትህን አውልቅ። አያ፣ ጋቢዎን ይስጡኝ።»

ሁለቱንም ማቀዝቀዣው ክፍል ሰቀለቻቸውና የሟቹን ማስታወሻ ስታነብ ቆየች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰብስባ ልብሶቹን አወጣች።

«ጋቢውን ዳስሰው፤» አለችው ፖሊሱን።

«ነጭ ሆኖ ጠጥሯል።»

«ቅቤ ነዋ፣ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል። ጃኬቱንስ?»

ፖሊሱ ጣቱን አየ። ረጥቧል።

«የበረዶ ባሕር እንስሳ ስብ በዚህ ብርድ አይረጋም። ጠርሙሱ እስኪሰበር ድረስ እሽግ ነበር፤ ስለዚህ ሲሰበር ይህ ጃኬት እዚያ ነበረ። ዶክተሩ ደግሞ እንዲህ ጽፏል፦ ‹ዐሥራ ስምንት ቤት፣ ቅቤው ግን አንድ።› የዐሥራ ስምንት ቤት ላም አንድ ዓይነት ሣር ትበላለች? ሙሉቀን፣ መካነ ብርሃን አልሄድክም። እዚሁ ጎንደር ገበያ ከአንድ ሻጭ ገዝተህ ዐሥራ ስምንት ዕቃ ሳትሞላ አትቀርም።»

የሙሉቀን ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

«መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በየት ልሂድ? አልሄድኩም ብል ከሥራ እባረራለሁ። ትናንት ደረሱብኝ። ለመንኳቸው፣ እንቢ አሉ። ገፋኋቸው፣ ጠርሙሱ ተሰበረ፣ በሩን ዘጋሁት። እስኪበርድላቸው ነበር... ኋላ መክፈቱን ፈራሁ።»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። አያ ዳኛው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ይሂዱ እንጂ አያ፣ ባለቤትዎ ይጠብቁዎታል።»

«ዶክተሩ ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ፤» አሉ ቀስ ብለው።

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«ሰምቶ አልከፈተም እንዳልባል። ይሄ ልጅ አመሻሽ ላይ ሲወጣ፣ ‹የማቀዝቀዣው ማሽን ነው አያ፣ ሲንኳኳ ነው የሚያመሸው› አለኝ። አመንኩት። እስከ ሦስት ሰዓት አንኳኳ። ዝም ሲል ጊዜ፣ ማሽኑ ተሻለው ብዬ ተመስገን አልኩ።»