የሙሽራዋ መድኃኒት

ወይዘሮ ጆ ተራራ ላይ ባለ የባህል ሕክምና ቤት ሞተው የተገኙት ጠዋት ነው፤ በሞቀው ወለል ላይ በጎናቸው ተጋድመው፣ እጃቸው ደረታቸውን እንደያዘ። በረዶው የተራራውን መንገድ ስለዘጋው ፖሊስ መድረስ አልቻለም። ደግነቱ መርማሪ ናም እዚያው ነበረች። ቦርጯን ልታጠፋ መጥታ፣ በእንቅልፍ እጦት ነጭናጫ ሆናለች።

በባህል ሕክምና ቤቱ የቀሩት ሐኪሙ ፒዮ፣ መድኃኒት አፍይዋ ወይዘሮ ቴ እና የሟች ልጅ ሀሪን ናቸው። ሀሪን በፀደይ ታገባለች። እናቷ የሠርጉን ቀሚስ ሆን ብለው አጥብበው ካሰፉ በኋላ፣ እንድትከሳለት እዚህ አምጥተው ዘጉባት።

«እናቴን የገደላት የሱ መድኃኒት ነው» አለች ሀሪን ሐኪሙን እያየች።

«ለሳቸው ማሞቂያ ሻይ እንጂ ሌላ አልሰጠሁም» አለ ፒዮ። «ሰውነታቸው ቀዝቃዛ፣ ልባቸው ደካማ ነው። ማህዋንግ የሚባል ዕፅ ያለበትን የማክሻ መድኃኒት ያዘዝኩት ለልጅቷ ነው። ያ ዕፅ ሰውነት ያግላል፣ ልብ ያስመታል፤ ለሳቸው መርዝ ነው።»

መንገዱ ሲከፈት ፖሊስ ይዞ የሚወርደው እሱን እንደሆነ ያውቃል። ናም ወደ ወይዘሮ ቴ ዞረች።

«ወይዘሮ ጆ ትናንት እንዴት ነበሩ?»

«ልቤ መታ፣ ላብ አጠመቀኝ ብለው ራት ተዉ።»

«ሻያቸውን ማን ያቀርባል?»

«ልጃቸው። ከሌላ እጅ አይቀበሉም።»

«ልጅቷስ ራት በላች?»

«እሷማ ሩዟን ጠርጋ የኔንም ደገመች። ዛሬም በስንት መከራ ቀሰቀስኳት።»

ናም ሁሉንም መድኃኒት ማፍያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እኔም ያንን ማክሻ እጠጣለሁ» አለች። «ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብም ዘግቶኛል። ሀሪን ግን ትበላለች፣ ትተኛለች። እየጠጣችው አይደለም ማለት ነው። ፈልቶ የተሰጣት መድኃኒት ከረጢቶች ግን ባዶ ናቸው። ታዲያ የት ገባ? ማሞቂያው ሻይ ጥቁርና መራራ ነው፤ ሌላ ጥቁርና መራራ ቢጨመርበት ማን ይለያል? የምታቀርቢው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

ሀሪን ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጪው በረዶ ብቻ ነው።

«እንድትሞት ብዬ አይደለም» አለች። «መጀመሪያ ስጠጣው ልቤ ሊፈነዳ ነው ስላት ‹ስቡ እየቀለጠ ነው፣ ቻይው› ትለኛለች። በሩን ትቆልፍብኛለች። አንዴ እሷም ትቅመሰው ብዬ ነው። ልቧ ደካማ መሆኑን አልነገረችኝም።»

ወይዘሮ ቴ በሽርጣቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ሀሪን ዞሩ።

«ማታ ደረታቸውን ይዘው ወደኔ መጥተው ነበር። ‹ለካ ልጄ የምትለኝ ይሄንን ነው› አሉኝ። ‹ከነገ ጀምሮ መድኃኒቱን እንዳትሰጫት።› ልነግርሽ ብመጣ ተኝተሽ ነበር።»